ቁልፍ ከተረከባችሁ በኋላ፣ ከሴራሚኩ በፊት

ኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሰው ውሉን ተፈራርሞ፣ ቅድመ ክፍያውን ፈጽሞ ቁልፍ ሲረከብ እግሩ በቀጥታ የሚያመራው ወደ ሴራሚክ መሸጫ ነው። ከዚያ የጂፕሰም ኮርኒስ ይመጣል፤ ከዚያ የኩሽና ካቢኔት፤ ከዚያ መጋረጃ። ብሩ እዚህ ላይ ያልቅና ቧንቧው፣ ሽቦውና የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ሥራ ተቋራጩ ትቷቸው በሄደው ሁኔታ ይቀራሉ። ዓመት ሳይሞላ ያ ሁሉ ሴራሚክ በመሮ ሲፈነቀል ይታያል። ተበድሮም ተለቃቅሞም የመጣ ገንዘብ ስለሆነ፣ መጀመሪያ መዋል ያለበት ዓይን የማያየው ቦታ ላይ ነው።

የ20/80 ቤቶች (20 በመቶው ቅድመ ክፍያ፣ 80 በመቶው የባንክ ብድር የሆነባቸው) ብዙዎቹ ምድርና አራት ፎቅ ናቸው፤ በኋለኞቹ ሳይቶች ምድርና ሰባትም አለ። የወለል ንጣፍ፣ የውስጥ በርና ካቢኔት ሳይኖራቸው ለባለ ዕጣው መተላለፋቸው የተለመደ ነው። ሸክሙን የሚችሉት ኮለኑና ቢሙ፣ ማለትም የኮንክሪቱ ቋሚና አግዳሚ፣ ናቸው፤ ግድግዳው በመሃላቸው የተደረደረ፣ ውስጡ ባዶ ብሎኬት ነው። ፎቅን ከፎቅ የሚለየው ሶሌታም በብዙ ብሎኮች ከዳር እስከ ዳር ድፍን ኮንክሪት አይደለም። ቀድመው የተመረቱ ቀጫጭን ቢሞች ይደረደራሉ፣ በመሃላቸው ባዶ ብሎኬት ይገባል፣ ከላይ ጥቂት ሴንቲሜትር ኮንክሪት ይፈስበታል። ውሃ እንዴት እንዲህ በቀላሉ ወደ ታች እንደሚያልፍ፣ ካቢኔት ለምን ከነሳህኑ እንደሚወድቅ፣ የላይኛው ጎረቤት ሙቀጫ ለምን ጆሮ ሥር የሚወቀጥ እንደሚመስል ሁሉ መልሱ ያለው እዚህ ባዶ ብሎኬት ውስጥ ነው።

በአንድ ብሎክ ውስጥ ሰውን ከሰው የሚያቀያይመው ነገር ቢቆጠር የመጀመሪያው ከላይ የሚወርድ ውሃ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚጀምረው የፍሳሽ ቱቦው ሶሌታውን በሚያቋርጥበት ቀዳዳ ነው። ሲሚንቶ ከፒቪሲ ቱቦ ጋር አይዋሃድም፤ ሲደርቅ ይሸሻል፣ በቱቦው ዙሪያም ጸጉር የሚያክል ክፍተት ይተዋል። ከሴራሚኩ ሥር የሰረገ ውሃ በዚያ ክፍተት ይገባና የሶሌታውን ባዶ ብሎኬት ይሞላል፤ ከዚያ ውስጥ ለውስጥ ተጉዞ ሁለት ሜትር ርቆ ይወጣል። ለዚህ ነው የላይኛው ሰው «የኔ መታጠቢያ እኮ በዚያ በኩል ነው» ብሎ የሚከራከረው። ሐሰት አልተናገረም፤ ግን ውሃው የሱ ነው።

ሥራው በቅደም ተከተል ሲሠራ እንዲህ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ሊሾ (የሲሚንቶ ወለሉ) ከላላ ወይም ሲመታ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ተነሥቶ ሶሌታው ድረስ ይጸዳል። በ110 ሚሊሜትሩ የሽንት ቤት ቱቦና በወለሉ ፍሳሽ መውረጃ ዙሪያ ያለው አሮጌ ሙሊት ይፈለፈልና ሲደርቅ በማይሸሽ ግራውት ይሞላል። ቀጥሎ ወደ መውረጃው የሚያዘነብል አዲስ ሊሾ ይፈሳል፤ በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ዝቅታ በቂ ነው። ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ጥግ በሲሚንቶ ክብ ተደርጎ ይታሻል፣ ቀጥ ያለ ጥግ ላይ ቅቡ ይሰነጠቃልና። ከዚያ ባለ ሁለት ክፍል ሲሚንቶ አከል ውሃ መከላከያ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ አንዱ በቁመት፣ ሌላው በአግድም። ግድግዳው ላይ 20 ሴንቲሜትር ይውጣ፤ ሻወሩ ባለበት በኩል ግን 1.80 ሜትር ድረስ።

ብዙ ሠራተኛ የሚዘለው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። ቅቡ በደንብ ከደረቀ በኋላ መውረጃው ይደፈንና ወለሉ ላይ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ውሃ ተሞልቶ ለ48 ሰዓት ይተዋል። የውሃው ከፍታ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግበት፤ ታች ያለው ጎረቤትም በጠዋትና በማታ ኮርኒሱን እንዲያይ ይነገረው። ሠራተኛው በቀን ሒሳብ ስለሚከፈለው «ሁለት ቀን ሥራ ፈት ልቀመጥ ወይ?» ይላል። ይህን ውሉ ውስጥ አስቀድሞ ማስገባት ነው። ሌላው መታሰብ ያለበት የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ከኮሪደሩ ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር ዝቅ ማለቱ ነው፤ እኩል ከሆነ ቧንቧ የፈነዳ ዕለት ሳሎን ምንጣፉ ላይ ትዋኛላችሁ።

ጉዳቱ ደርሶ ከሆነ ደግሞ ከጠብ በፊት ምርመራ ይቅደም። የታችኛው ኮርኒስ ላይ ያለው እርጥበት ሌት ተቀን የማይደርቅ ከሆነ ግፊት ያለበት የንጹሕ ውሃ ቱቦ ነው የሚጠረጠረው። ሰው ሲታጠብ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ፍሳሹ ወይም ወለሉ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚታይ ከሆነ ከውጭ ግድግዳ፣ ከመስኮት ጠርዝ ወይም ከበረንዳ የመጣ ነው፤ የላይኛውን ጎረቤት ተዉት። የመጀመሪያውን ለማረጋገጥ የላይኛው ቤት ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ቆጣሪው ይታይ፤ ትንሿ ጎማ ከዞረች ውሃ እየፈሰሰ ነው። ሁለተኛውን ለማረጋገጥ የምግብ ቀለም በውሃ በጥብጦ አንድ ቀን ሻወሩ ወለል ላይ፣ በሌላ ቀን ሽንት ቤቱ ውስጥ ማፍሰስና ታች የሚወጣውን ቀለም መጠበቅ ነው። ይህ ሁሉ ሳይደረግ ወለል ማፍረስ የገንዘብ ቀልድ ነው።

የውሃ አቅርቦቱ ነገር ከፎቅ ፎቅ ይለያያል። አንድ ፎቅ በግምት 3 ሜትር ነው፤ 10 ሜትር ከፍታ ደግሞ የ1 ባር ግፊት ይበላል። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሻወር ከመሬት 14 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ የቱቦውና የመታጠፊያው ሰበቃ ሲጨመርበት መንገድ ላይ ባለው መስመር 2 ባር ገደማ ካልኖረ ከላይ የሚንጠባጠብ እንጂ የሚፈስ ውሃ አይኖርም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሳይቶች ቀን ላይ ምድር ቤቱና አንደኛ ፎቅ ይስቡትና ላይኛው ቤት የሚደርሰው ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት፣ ሰው ሲተኛ ነው። እዚህ ላይ የሚደርሰው አደጋ የታወቀ ነው፦ ውሃ ጠፍቶ ሳለ ቧንቧው ተከፍቶ ይረሳል፣ ባለቤቱ ሥራ ይሄዳል፣ ውሃው ይመጣል፣ ሦስት ቤት ይጥለቀለቃል። ወደ ቤቱ በሚገባው መስመር ላይ፣ በር አጠገብ እጅ በሚደርስበት ቦታ ዋና መዝጊያ ማስገጠምና ሲወጡ መዝጋት ከዚህ ያድናል።

ፓምፕ ከመንገዱ መስመር ጋር በቀጥታ ማገናኘት አይገባም። የጎረቤትን ውሃ መንጠቅ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ከዚህ በላይ ግን ፓምፑ ሲስብ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ በተሰነጠቀ ቱቦ በኩልም በዙሪያው ያለውን እርጥብ አፈርና ፍሳሽ ይምጋል። ትክክለኛው አሠራር መሬት ላይ ሮቶ ማስቀመጥ፣ ሮቶው በራሱ ግፊት እንዲሞላ መተው፣ ከዚያ በፓምፕ ወደ ላይ መግፋት ነው። ለአራተኛ ፎቅ የግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ፣ ማለትም 370 ዋት ገደማ፣ ይበቃል። ፓምፑ ከሮቶው ሥር ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ውሃው ራሱ ወርዶ ስለሚሞላው አየር አይይዝም። በመውጫው ላይ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያደርግ ቼክ ቫልቭ ይግባ፤ ሮቶው ሲያልቅ ፓምፑን የሚያጠፋ ማብሪያም ያስፈልጋል፤ ደረቁን የዞረ ፓምፕ ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽገው ማኅተሙ በደቂቃዎች ይቃጠላልና። ለአምስት ሰው፣ በቀን ለአንድ ሰው 50 ሊትር ከታሰበ፣ የ1000 ሊትር ሮቶ አራት ቀን ያቆያል።

ሮቶን በረንዳ ላይ ማስቀመጥ ግን ይቅር። 500 ሊትር ሲሞላ 500 ኪሎ ነው፣ የሚያርፈው ደግሞ ግማሽ ካሬ ሜትር በሚያህል ቦታ ላይ፤ በካሬ አንድ ቶን መሆኑ ነው። የመኖሪያ ክፍል ወለል በተለምዶ የሚሰላው በካሬ 200 ኪሎ እንዲችል ነው፤ በረንዳ በእጥፍ ቢሰላ እንኳ 400 ነው። የግድ ውሃ ቤት ውስጥ መቀመጥ ካለበት 200 ሊትር በርሜል፣ ከመሃል ወለል ሳይሆን ቢም ባለበት ግድግዳ ጥግ። ሴራሚክ ስታስነጥፉም ይህንኑ ሒሳብ አትርሱ፦ አንድ ሴንቲሜትር የሲሚንቶ ሙሊት በካሬ 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ወለሉ ጠማማ ነው ብሎ 5 ሴንቲሜትር የሚሞላ ሠራተኛ በካሬ 100 ኪሎ ጨመረባችሁ ማለት ነው።

የውስጥ ውሃ መስመር ሲቀየር ዛሬ ሁሉም የሚጠቀመው ፒፒአር የተባለው በሙቀት የሚበየድ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ጥሩ ነው፤ ብልሽቱ የሚመጣው ከብየዳው ነው። ማሽኑ 260 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ 20 ሚሊሜትር ቱቦ 5 ሰከንድ፣ 25 ሚሊሜትር 7 ሰከንድ ይሞቃል፣ ሳይጣመም ይገባል፣ ሁለት ደቂቃ ሳይነካ ይቀዘቅዛል። ሠራተኛው አብዝቶ ካሞቀና አጥብቆ ከገፋ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ይገባና ቀዳዳውን ያጠባል። ቤት ውስጥ አንድ ቧንቧ ብቻ ውሃው ሲሳሳ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት መስመሩ በግፊት ይፈተሽ፤ የመፈተሻ ፓምፕ ያለው ባለሙያ ፈልጉ።

ወደ ኤሌክትሪኩ ስንመጣ ዋናው ጉዳይ ምጣድ ነው። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። ተራ ሶኬት የሚዘረጋው በ2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) ሽቦና በ16 አምፔር ብሬከር ነው፤ ምጣዱ ብቻውን ጫፍ ላይ ያደርሰዋል። በዲቫይደር ላይ ሲሰካማ መሰኪያው ቀልጦ ሶኬቱ መጥቆሩ አይቀርም። ለምጣድ ከሳጥኑ የሚነሣ የራሱ መስመር ይዘርጋ፦ 4 ካሬ ሽቦ፣ 25 አምፔር ብሬከር፣ በመሃል ያልተቀጠለ። ብሬከሩ በተደጋጋሚ ስለወደቀ ሽቦውን ሳይቀይር 32 የሚያስገባ ኤሌክትሪሺያን ካጋጠማችሁ ሸኙት፤ ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፣ ከሽቦው በላይ ከሆነ ግድግዳ ውስጥ የሚነደው ሽቦው ነው። ምጣድ፣ ምድጃና የሻወር ማሞቂያ አንድ ላይ ሲበሩ 7 ኪሎዋት ያልፋሉ፤ ዋናው ብሬከር መውደቁ ተንኮል አይደለም።

የዓመት በዓል ዋዜማ ላይ እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል ጥፋቱ የሊጡ ላይሆን ይችላል። ብሎኩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ትራንስፎርመሩ ይጨነቃል፣ ቮልቴጁ ወደ 180 ይወርዳል። የምጣዱ ጉልበት የሚቀንሰው ግን በቮልቴጁ ልክ ሳይሆን በካሬው (ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ) ነው፦ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ 3.5 ኪሎዋቱ ወደ 2.3 ይወርዳል። አንድ ሦስተኛው ሙቀት ሄደ። ምጣዱ በሁለት እንጀራ መካከል የጠፋበትን ሙቀት ሳይመልስ ሌላ ሊጥ ይፈስበታል፣ እንጀራውም ነጣ ብሎ ይጣበቃል። መፍትሔው በማለዳ ወይም ሰው ከተኛ በኋላ መጋገር ነው፤ ካልሆነም በመካከሉ አክንባሎውን ከድኖ አንድ ደቂቃ መጠበቅ። ፍሪጅ ግን በዚያ ሰዓት ስታቢላይዘር ወይም ዝቅ ሲል የሚቆርጥ መከላከያ ከሌለው ኮምፕሬሰሩ ሊቃጠል ይችላል።

ግድግዳ ላይ ካቢኔት ስትሰቅሉ የፕላስቲክ ፊሸር (ብሎን የሚይዘው) ባዶ ብሎኬት ላይ የሚይዘው ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር የሆነውን የብሎኬቱን ልባስ ብቻ ነው። ሰሃን የተሞላ ካቢኔት የሚችል አይደለም። ወይ የብሎኬቱ ባዶ ተከፍቶ በሲሚንቶ ይሞላና ሲደርቅ ይበሳል፣ ወይ ቡሎን ግድግዳውን አልፎ በወዲያኛው በኩል በላሜራ ይታሰራል። ኮርኒስ ላይም እንዲሁ፤ ከባድ መብራት ቢሙ ላይ እንጂ ብሎኬቱ ላይ አይንጠልጠል። ሳሎንን ለማስፋት ብሎኬት ግድግዳ ማንሣት በጥናትና በፈቃድ ሊቻል ይችላል፤ ኮለንና ቢም መንካት፣ ፌሮ ቆርጦ ቱቦ ማሳለፍ ግን የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም፣ ከላይና ከታች ያሉት ሁሉ የሚያርፉበት ነው።

ፍሳሹ ሲታፈን የሚጥለቀለቀው አብዛኛውን ጊዜ የምድር ቤቱ ነው፤ የሚደፍነው ግን ከላይ ያለው ሁሉ። የኩሽናው ቱቦ 50 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ዘይት ሞቆ ይወርድና በመንገድ ላይ ይረጋል፤ የሊጥ እጣቢ ይጣበቅበታል፤ የቡና አተላ በዚያ ላይ ይከመራል፤ ሦስቱ ሲደርቁ ሲሚንቶ ናቸው። አተላውን አጥልሎ ደረቁን ወደ ቆሻሻ፣ ዘይቱን በላስቲክ ጠርሙስ፣ የሊጥ ዕቃውን በብዙ ውሃ ማጠብ። ዳይፐርና እርጥብ መጥረጊያ ሽንት ቤት ውስጥ አይጣሉም፣ «የሚሟሟ» ተብሎ ቢጻፍባቸውም። ከከተማው የፍሳሽ መስመር ጋር ያልተያያዘ ብሎክ የራሱ ጉድጓድ አለው፤ ማንሆሉ እስኪገነፍል ሳይጠበቅ መምጠጫ መኪና በየጊዜው መጠራት አለበት። ማንሆል ላይ ሴራሚክ የሚያነጥፉ፣ ሱቅ የሚቀጥሉ ምድር ቤቶች አሉ፤ መኪናው በመጣ ቀን ክዳኑ የት እንዳለ የሚያውቅ ይጠፋል።

ስንጥቅ ያየ ሁሉ ይደነግጣል። ብሎኬቱ ከኮለኑ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ቀጥ ያለ ቀጭን ስንጥቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በየራሳቸው በመኮማተራቸው የሚመጣ ነው፤ መረብ ተደርጎበት ይለሰናል። በመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ ከወር ወር የሚሰፋ ከሆነ ግን መሠረቱ ይጠረጠር። በአዲስ አበባ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ በኩል ያለው መሬት በአብዛኛው ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። የጣሪያ ውሃ መውረጃው ተሰብሮ ብሎኩ ሥር የሚፈስ ከሆነ ዋልካው በአንድ በኩል ብቻ ያብጣልና መጀመሪያ እሱ ይጠገን። ስንጥቁ ላይ ቀን ጽፎ በእርሳስ ጫፉን ማመልከት ለመሐንዲስ የሚሰጥ ምርጥ ማስረጃ ነው።

ሙቀጫ ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ ወይም የመኪና ጎማ ቁራጭ ማድረግ ድምፁን ይቀንሳል። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይቀመጥ፤ ጢሱ ሲጠፋ አደጋው አልጠፋም፣ የማይሸተው ጋዝ ነው የሚገድለው። በርበሬ መቁላት፣ በግ ማረድ፣ ብዙ ልብስ ማጠብ ለሳይቱ የተሠራው ኮሚናል፣ ማለትም የጋራ መገልገያ ሕንፃ፣ ሥራ ነው። ኮሚናሉ ተከራይቶ ሱቅ የሆነበት ሳይት ብዙ ነው፤ ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን መኪና ማቆሚያው ላይ የሚተከለው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ማን ያስፈጽማል? የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 ባለቤቶቹ በማኅበር እንዲደራጁና የጋራውን ክፍል በጋራ እንዲያስተዳድሩ ያዛል፤ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ዋናው የፍሳሽ መውረጃ የማንም የግል አይደሉም። በተግባር ስብሰባ የሚመጣው የሚኖርበት ባለቤት ነው፤ ያከራየው አይመጣም፣ ተከራዩም «እኔን አይመለከተኝም» ይላል። ወርኃዊ መዋጮው ለጥበቃና ለደረጃ መብራት ብቻ ተሰልቶ የጣሪያ ቆርቆሮ በነፋስ የተነሣ ቀን ብር ፍለጋ በር ማንኳኳት ይጀመራል። መዋጮው ከመጀመሪያው ሁለት ቋት ይኑረው፣ አንዱ ለወሩ ወጪ፣ ሌላው ለጥገና በባንክ በሦስት ፈራሚ የሚቀመጥ። ሊፍት ባላቸው የ40/60 ብሎኮች ሁለተኛው ቋት ግዴታ ነው፤ የሊፍቱ ካርድ (የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያው) ወይም ገመድ ሲበላሽ ወጪው በአንድ ወር መዋጮ አይሸፈንም። ሲሚንቶና አሸዋ በሊፍት የሚያመላልሱ አዲስ ገቢዎችም የበሩን ሮለር የሚያበላሹት አቧራው በር መንሸራተቻው ውስጥ ገብቶ ነው፤ ለግንባታ ዕቃ የሊፍቱ ወለልና ግድግዳ በላስቲክ ይሸፈን፣ በሩ በየቀኑ ይጠረግ።

ለመከራየት ወይም ለመግዛት የምታዩ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ሂዱና ሽንት ቤቱን ውሃ ልቀቁበት፣ የኩሽናውን ቧንቧ ከፍታችሁ የሻወሩን ተመልከቱ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ኮርኒስና የጎን ግድግዳ በእጅ ዳብሱ። አዲስ ቀለም የተቀባ አንድ ጥግ ብቻ ካያችሁ ለምን እንደተቀባ ጠይቁ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነ፣ ያልተከፈለ ውዝፍ እንዳለበት፣ የማኅበሩ መዋጮ እስከየት ወር እንደተከፈለ በደረሰኝ ይታይ። ውሃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ግን አከራዩን ሳይሆን ደረጃው ላይ ጀሪካን ይዞ የሚወጣውን ሰው ጠይቁ።